ሸሚዙን የሚያጥብ ባል

«እትዬ፣ የት ጠፋሽ? ሴትዮዋ እኮ ያንቺን መልስ ነው የምትጠብቀው!»

ስልኩ እየነዘረ ከሒሳብ ደብተሩ ላይ ሊንሸራተት ሲል ሚጢጢ ቀለብ አደረገችው። የተቀመጠችው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል ባለው ደረጃ ላይ ነው። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። አምፖሉ ሲያሰኘው ይበራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። የሚወጣ የሚወርደው ጎረቤት ሁሉ «ምነው እዚህ?» ይላታል፤ እሷም «ቤት ይሞቃል» ብላ ትመልሳለች። ውሸቷን ነው። ቤቱስ በረዶ ነው።

እናቷና አባቷ መነጋገር ካቆሙ ሰነበቱ። ጠብ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ጠብ ይጮኻል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። ይሄ ግን ሌላ ነው። እናቷ ሻይ ትቀዳና «ለአባትሽ ሻይ ቀርቧል በዪው» ትላለች። አባቷ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ጆሮው እየሰማ፣ «አመሰግናለሁ በያት» ይላል። ሚጢጢ መሃል ላይ ቆማ ሁለቱም የሰሙትን ለሁለቱም ትደግማለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ ሳቅ ብሏት ነበር። በኋላ ግን ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ደረጃው ላይ መቀመጥ ጀመረች።

አባቷ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ድሮ ከሥራ ሲመለስ በሩን ከፍቶ «መጨረሻ ፌርማታ! ያልወረደ ተሳፋሪ አለ?» ብሎ ይጮህ ነበር። እናቷ ከወጥ ቤት «ወራጅ አለ!» ትለዋለች። ቀልዱ ከሚጢጢ ዕድሜ ይበልጣል። ጎረቤት ሳይቀር ሰልችቶታል። አሁን ግን አባቷ ሲገባ የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እትዬ ማን እንደሆነች እንነጋገር። እትዬ ራሷ ሚጢጢ ናት። አዎ፣ ይቺው የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ እንቁላል ስትጠብስ ዘይቱ ይረጨኛል ብላ በር ድረስ የምትሸሽ ልጅ! ስልኳ ውስጥ ግን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቴ አግብታ አንዴ ፈታለች፣ ሦስት ልጆች ድራለች፣ የማታውቀው የትዳር መከራ የለም። «ሆድ ለባሰው» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ «ታላቅ እህት» ብላ ነው የገባችው። ሰዎቹ ስሟን አሳጥረው «እትዬ» አሏት። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም ፊቱን ሸፍኖ የቤቱን ጉድ ይዘረግፋል፣ የማያውቀው ሰው ደግሞ ይመክረዋል።

ነገሩ የተጀመረው ለሙድ ነበር። ከጓደኛዋ ከራዲዮ ጋር ሆነው፣ አማቷ አላስቀምጥ ላለቻት ሴት አንድ ምክር ጻፉ። (ራዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው፤ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ እንደዚያ ነው የሚሏት።) ምክሩ ላይ የልብ ምልክት ዘነበበት። ራዲዮ በማግስቱ ረሳችው። ሚጢጢ ግን አልረሳችውም። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ የማያያት ሰው ሁሉ፣ እዚያ «እትዬ ምን ትያለሽ?» እያለ ይለምናታል። ደስ አይልም?

ምክሩንስ ከየት ታመጣዋለች? ከእናቷ ነዋ!

እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ከሕንፃቸው ትይዩ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያና አንድ መታጠቢያ ገንዳ አላት። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት መልስ የወደቀውን ፀጉር ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ጆሮዋን ደግሞ ታሰማራለች። «ሴት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መስታወት ታያለች፤ ስለዚህ ትዋሻለች» ትላለች እናቷ። «አንገቷን ገንዳው ላይ ስታስደግፍ ግን ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ እውነቱ ከሻምፖው ጋር ይወርዳል።» እውነትም ይወርዳል። እናቷም እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ትመክራለች። ምክሯ አጭር ነው፣ ይቆርጣል፣ ደግሞ ያስቃል። አንድ ቀን ረጅሟ ደንበኛዋ ባሏ ጠባዩ እንደተለወጠ ስታወራ «ሸሚዙን በራሱ እጅ የሚያጥብ ባል፣ የሚያጥበው ሸሚዙን አይደለም!» አለቻት። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሚጢጢ መጥረጊያዋን እንደያዘች ያቺን ዓረፍተ ነገር ለቀም አደረገቻት።

ብዙም ሳይቆይ «የጨነቃት» የምትባል ሴት ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ «ባሌ ተለወጠብኝ። ቤት ሲገባ አይጫወትም። ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ከሁሉ የገረመኝ፣ በትዳራችን ካልሲ እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው አሁን ሸሚዙን ራሱ ያጥባል። ምን ላድርግ?»

ሚጢጢ ያን ቀን ለፈተና ስትቸክል ውላ አንጎሏ ዞሮ ነበር። ያቺ የለቀመቻት ዓረፍተ ነገር ቦታዋን ስላገኘች ደስ አላት። «እህቴ፣ ሸሚዙን በራሱ እጅ የሚያጥብ ባል፣ የሚያጥበው ሸሚዙን አይደለም» ብላ ጀመረች። «እንዳትጠይቂው፤ የተጠየቀ ወንድ ውሸት ያዘጋጃል። ዝም በዪው። ዝምታ ያስለፈልፈዋል። ካልለፈለፈ ሻንጣሽን አዘጋጂ።» ከዚያ ጥርሷን ፍቃ ተኛች።

የራሷ አባት ሸሚዙን ሲያጥብ አላየችም ወይ? ትሉ ይሆናል። አይታለች እንጂ! መታጠቢያ ቤቱ ገመድ ላይ የተሰጣው እርጥብ ሸሚዝ ግንባሯ ላይ ጠብ ብሎባታል። ግን የራሱን ቤት ማን ያያል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እኮ ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የከፈተችው መልእክት ከዚያችው ከየጨነቃት ነበር።

«ውድ እትዬ፣ እንዳሉኝ ዝም አልኩት። ምክርዎ ከራሴ አፍ የወጣ ያህል ልቤ ገብቶ ነበር። ግን አልለፈለፈም። ጭራሽ እሱም ዝም አለ። ጀርባ ለጀርባ ሆነን እናድራለን፤ ሳለቅስ እንዳይሰማኝ ትራሴን እነክሳለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ልጄ ናት። ቤቱ አስጠልቷት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታጠናለች። አሁንም እዚያው ናት። እባክዎ እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

ሚጢጢ አነበበችው። ደገመችው። ደብተሯን አየች፣ የተቀመጠችበትን ደረጃ አየች፣ ቀና ብላ የቤታቸውን በር አየች። ከበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይታያል። ክው አለች።

«እርስዎ» ብላታለች። «አንቺ ልጅ፣ ካልሲሽን ከሶፋው ላይ አንሺ!» የምትላት እናቷ «እርስዎ» ብላ ለመነቻት።

የቆዩትን መልእክቶች ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። የጨነቃት የጻፈችው ይሄን ብቻ አይደለም። ለካስ በየቀኑ ለማያውቋት ሰዎች ታወራ ኖሯል። የሱቁ ቧንቧ እንዳስቸገራት ጽፋለች። ልጇ በሒሳብ ጥሩ ውጤት እንዳመጣች ጽፋለች፤ ለሚጢጢ ግን «ጎበዝ» ብላ ብቻ ነበር ያለፈችው። አንዱ ቦታ ላይ ደግሞ፣ «መስታወት ፊት የምውል ሰው ራሴን ማየት ፈራሁ። ለባሌ ያረጀሁበት መስሎኛል» ይላል። ልጅ የእናቷን እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ አልነበረባትም። ሚጢጢ ስልኩን ደብተሩ ውስጥ ከታ ደብተሩን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ለራዲዮ ነገረቻት።

«እየፎገርሽ ነው!» አለች ራዲዮ።

«እናቴን ይንሳኝ!»

«ታዲያ አካውንቱን አጥፊውና ላሽ በይ። ማን ያውቅብሻል?»

«እናቴስ? ሻንጣሽን አዘጋጂ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ። ብታዘጋጅስ?»

ራዲዮ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በዕድሜዋ የምትለው ስታጣ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። «አቦ፣ እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ ግን አባትሽ ምን እንዳደረገ እወቂ። ምናልባት እውነትም ሌላ ሴት ካለችስ?»

ይሄ ነገር ሚጢጢን ቀኑን ሙሉ ሲበላት ዋለ። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ቤት አልሄደችም። የአባቷ አውቶብስ የሚቆምበት ፌርማታ ሄዳ ጠበቀች። አውቶብሱ መጣ። መሪውን የያዘው ግን የማታውቀው ወጣት ነው። በበሩ ላይ የቆመው ትኬት ቆራጭ ግን አወቃት፤ ልጅ ሳለች ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከተማውን ያዞራት ሰው ነው።

«የሾፌሩ ልጅ! ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«አባቴን።»

«አባትሽ እኮ መሪ ከያዘ ቆየ፤ አሁን ግቢ ነው የሚውለው…» አለና ፊቷን ሲያይ አፉን በእጁ ከደነ። «አልነገራችሁም እንዴ? ውይ፣ አፌን በቆረጠው!» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ያድርግ? «በይ ተሳፈሪ፣ ያው መንገዳችን ነው» ብሎ እስከ አውቶብሶቹ ማደሪያ ግቢ ድረስ ወሰዳት።

ግቢው ሰፊ ነው፤ መሬቱ በውሃና በናፍጣ ረጥቦ ያብለጨልጫል። አውቶብሶቹ ተደርድረው ቆመዋል። ከአንዱ ጎን ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ የጎማ ቡትስ ያደረገ ሰው፣ በረጅም ብሩሽ መስኮቱን በአረፋ ይፈትጋል። ሸሚዙ ደረቱ ድረስ ርሷል። ሚጢጢ ጀርባውን አይታ አወቀችው።

«አባዬ።»

ዞረ። ብሩሹ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ «መጨረሻ ፌርማታ» አለ፣ የቀረውን ግን አልጨረሰውም።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጣት፣ እሱ ጎማው ላይ ተደገፈ።

«ዓይኔ ነው» አለ። «በምርመራው ጊዜ የግራ ዓይኔ ፊደሉን አልለይ አለኝ። ዶክተሩ ደጋግሞ ሞከረኝ። እስክትድን መሪ አትይዝም ተባልኩ። እስከዚያ እጥበት ላይ መደቡኝ።»

«ሸሚዙን የምታጥበው ለዚህ ነው?»

«ናፍጣ ናፍጣ ይሸታላ! እናትሽ አፍንጫዋን ታውቂው የለ?»

«በረንዳ ወጥተህ የምታወራውስ?»

«ከክሊኒኩ ጋር ነው፤ ቀጠሮ አልያዝ ብሎኝ። አንቺ ደግሞ ሁሉን ትሰሚያለሽ!» አለ፤ ሊቆጣት ፈልጎ አቅም አጣ።

«ለእማዬ ለምን አልነገርካትም?»

አባቷ ወደ አውቶብሱ ዞሮ የደረቀውን አረፋ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። «ማታ ማታ ደረጃውን ስወጣ ‹ዛሬ እነግራታለሁ› እላለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ቁልፉን ብቻ አዙሬ እገባለሁ። እንዲህ እንዲህ ስል ዝም አለችኝ። ማን እንደነገራት እንጃ፤ ግን ደርሳበታለች። አፍራብኛለች፣ ሚጢጢ። ሾፌር አግብታ የአውቶብስ አጣቢ ሚስት ሆነች። አሁን ምን ብዬ አፌን ልክፈት?»

«አላፈረችብህም!»

«ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ?»

ሚጢጢ መልሱን ታውቀዋለች። ከሷ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ‹እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት› ልትለው ፈልጋ አልደፈረችም። አባቷን አየችው፤ ግራ ዓይኑ ወደሷ ሲያይ ጠበብ ይላል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየችም?

«እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አለ። «ቃል ግቢልኝ። ካንቺ አፍ ከሰማችው በቁሜ ሞትኩ ማለት ነው።»

ምን ታድርግ? ቃል ገባች። ከገባች በኋላ ነው የባሰ እንደታሰረች የገባት። እውነቱን በእጇ ይዛ ማንም ጋ ልታደርሰው አትችልም።

የቀራት እትዬ ናት። እዚያው ግቢው በር ላይ ቆማ፣ በአውራ ጣቷ እየተጣደፈች ጻፈች፤ «ውድ የጨነቃት፣ ተሳስቼ ነው። ባልሽን ጠይቂው። ምናልባት የሚያሳፍረው ችግር ገጥሞት ይሆናል። ሻንጣውን ተዪው። እባክሽ ጠይቂው።»

መልሱ እንደ ጎርፍ መጣ።

«እትዬ ምን ነካሽ? ድሮ እንዲህ አልነበርሽም!»

«ጠይቂው? እንዲዋሻት ነው?»

«ኧረ ይቺ እትዬ አይደለችም። አካውንቷ ተጠልፏል!»

«ባልየው ነው! ባልየው ጠልፎት ነው የሚጽፈው!»

ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ተወደደች። ሁሉም ተቀባበላት። ሚጢጢ «እኔው ነኝ! አልተጠለፍኩም!» ብላ ብትጽፍ ሳቁባት። «ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል?» አላት አንዱ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትዋሻቸው ያመኗት ሰዎች፣ እውነቱን ስትነግራቸው አላመኗትም። ከዚያ የየጨነቃት መልስ መጣ፤ «እኔም ገርሞኝ ነበር። የፊተኛው ምክር ነው የእውነተኛዋ እትዬ። እህቶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ልጄን ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል።»

ሚጢጢ «እማዬ» ብላ ጻፈች። ጣቷን መላኪያው ላይ አድርጋ ተመለከተችው። ይሄን ሁሉ ባዳ ፊት? አልላከችውም፤ አጠፋችው። ሌላ ልትጽፍ ስትል ግሩፑ ከፊቷ ድርግም አለ። የግሩፑ አለቃ አስወጥቷታል። ያቺ ሰው ሁሉ «እትዬ፣ እትዬ» የሚላት ሴት፣ ሦስት ልጅ የዳረችው፣ በአንድ ጊዜ ሞተች። አልቅሽ አልቅሽ አላት፤ ግን መንገድ ላይ ነበረች።

ሱቁ ስትደርስ የመጨረሻዋ ደንበኛ እየወጣች ነበር። ማድረቂያው ጠፍቷል። ከፎጣው መደርደሪያ ሥር ቡናማው ሻንጣ ቆሟል። እናቷ ማበጠሪያዎቹን በሳሙና እያጠበች ነው።

«አምሽተሻል» አለቻት ሳትዞር። «ቶሎ ጥረጊና እንግባ፣ ልብስሽን ታዘጋጃለሽ። ነገ አክስትሽ ጋ እንሄዳለን፣ ለጥቂት ቀን።»

«አባዬስ?»

«ለአባትሽ…» አለች እናቷ። «በዪው» የምትልበት ቦታ ነበር። የሚባለው ነገር ግን አልመጣላትም። ማበጠሪያዋን ማጠብ ቀጠለች።

ሚጢጢ መጥረጊያውን አነሳች። ወለሉ ላይ ጥቁር፣ ቡናማና ሽበት ፀጉር ተቀላቅሎ ወድቋል። ጠረገችው፣ ሰበሰበችው፣ ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እማዬ፣ ቁጭ በዪ። ፀጉርሽን ልጠብልሽ።»

«አሁን? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«የሰው ስታጥቢ ትውያለሽ። ያንቺን ማን ያጥብልሽ?»

እናቷ እምቢ ልትል ነበር። ግን ደክሟታል። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች፣ አንገቷን ገንዳው ላይ አስደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሚጢጢ ውሃውን በእጇ ጀርባ ለክታ፣ ልክ እናቷ እንደምታደርገው፣ ከግንባሯ ጀምራ ቀስ ብላ አፈሰሰችው። ከጆሮዋ በላይ ሽበት አለ። ይሄንንም አላየችውም ነበር።

«ጥሩ እጅ አለሽ» አለች እናቷ። «ትምህርቱ እምቢ ካለሽ እቀጥርሻለሁ።»

ሚጢጢ ሻምፖውን ጨመረች። አረፋው ሲበዛ፣ የእናቷ ፊት ሲላላ፣ እንደምንም ጀመረች።

«ሸሚዙን በራሱ እጅ የሚያጥብ ባል፣ የሚያጥበው ሸሚዙን አይደለም።»

እናቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ ልትል ነበር። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ካንቺ። ለረጅሟ ደንበኛሽ ስትያት ሰምቼ። እኔ ደግሞ… እኔ ደግሞ ለየጨነቃት ጻፍኩላት።»

የእናቷ አንገት እጇ ላይ ድርቅ አለ።

«ምን አልሽ?»

«እትዬ እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ውሃው ይወርዳል። ውጭ መኪና አለፈ። እናቷ ዓይኗን አልገለጠችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ሁሉንም አንብበሻል?»

«ሁሉንም።»

«የትራሱንም?»

«የትራሱንም።»

«ውሃውን ዝጊው።»

ዘጋችው። እናቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። አረፋው በጆሮዋ ሥር እየወረደ ልብሷን ያርሰዋል፤ አልጠረገችውም። «እኔ እኮ ‹እርስዎ› አልኩሽ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ሰው ገመናውን ለማያውቀው ይናገራል ብዬ! የማያውቀኝ ሰው ነው ብዬ ነው እኮ! የገዛ ልጄ ፊት፣ ራቁቴን…» አልጨረሰችውም። ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሚጢጢ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ቃሉ ትንሽ ሆነባት። እናቷ በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። እንባዋ በአፍንጫዋ መጣ።

«አባዬን ጠይቂው» አለች እየተንተባተበች። «ሌላ ሴት የለችም። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልነግርሽም፣ ቃል አስገብቶኛል። እሱም ስላንቺ የተሳሳተ ነገር እያሰበ ነው። ብቻ ጠይቂው።»

«የማን ምክር ነው ይሄ?» አለች እናቷ ከፎጣው ሥር። «የእትዬ?»

«የሚጢጢ።»

እናቷ ተነሥታ ራሷ አረፋውን አለቀለቀች፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቀለለች፣ መብራቱን አጠፋች። ሻንጣውን ግን ይዛው ወጣች። ሚጢጢ ከኋላዋ ተከተለች። መንገዱን ተሻገሩ። ሕንፃው ውስጥ ገቡ። ሁለተኛውን ፎቅ ሲያልፉ እናቷ ቆመች።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

እናቷ ሻንጣውን አስቀመጠች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ «በስመአብ፣ እዚህ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ?» አለች፤ ሚጢጢን ይሁን ራሷን እንደምትጠይቅ አይታወቅም። ሚጢጢ ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆማ ቀረች። ተቀመጪ አላለቻትም፤ ሂጂም አላለቻትም። አምፖሉ ጠፋ፣ በራ።

ከታች በሩ ተከፈተ። የአባቷ እግር ነው፤ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ደረጃውን በእግሩ ጫፍ እየፈለገ የሚወጣ። መታጠፊያው ላይ ደርሶ ቀና ሲል በፎጣ የተጠቀለለውን ጭንቅላት አየ፣ ሻንጣውን አየ። እጁ የደረጃውን ብረት እንደያዘ ቀረ። ከልምድ የተነሳ ሁለቱም ወደ ሚጢጢ አዩ፤ አስተርጓሚዋን ጠበቁ።

ሚጢጢ ምንም አላለችም።

እናቷ ዓይኗን መለሰች። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።

«ቁጭ በል» አለች።

«በዪው» አላለችም።

ሚጢጢ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ወደ ላይ ወጣች፣ ቤት ገባች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ዕድሜዋን ሙሉ የተዘጋ በር ባየች ቁጥር ጆሮዋን ለጥፋለች። አሁንም እግሯ በሩ ሥር ቆሞ አልነቃነቅ ብሏታል። ከውጭ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፤ ትንሽ ብትጠጋ ይለያል።

ስልኳ ነዘረ። የማታውቃት ሴት ናት፤ «እትዬ፣ ግሩፑ ላይ አጣሁዎት፤ ጨንቆኛል፣ አንድ ነገር ይምከሩኝ።»

ሚጢጢ አነበበችው። ወጥ ቤት ገብታ የማንኪያውን መሳቢያ ከፈተች፣ ስልኩን ማንኪያዎቹ መሃል ከታ ዘጋችው። ከዚያ እንዳትሰማ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።